ሰው ተገዶ ወደ ኮሮጆው ሲሄድ ምን ይመርጣል?

(ደሴ ላይ፣ በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ ገልብጬ፣ በጣም የተደጋገመውን ብቻ ቀንሼ እንዳለ አቀረብኩት።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለእናንተ ይሁን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። የጦሳ ተራራን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ሦስት ወንበር ክፍት ነው፤ ኑ፣ ቁጭ በሉ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ማን አስገድዶ አመጣችሁ? ማንም። ያልመጣ ይቀጣል የሚል ማስታወቂያ አልለጠፍንም። ይኼን ማንሳቴ በምክንያት ነው። አንዳንድ አገር ውስጥ በምርጫ ቀን ድምፅ ያልሰጠ ሰው ይቀጣል። ሕግ ነው። እኛም አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር "ሕዝቡ አልወጣም፣ ካርድ አላወጣም፣ ግዴታ ቢሆን ይሻላል" የሚል ሰው አይጠፋም። እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው። ሰው ቅጣት ፈርቶ ወደ ምርጫ ጣቢያ ቢሄድ፣ እዚያ የሚሰጠው ድምፅ ምን ዓይነት ድምፅ ይሆናል?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ግዴታው ባለባቸው አገሮች ምን ሆነ። ሁለተኛ፣ የተገደደ ሰው ምርጫ ጥራቱ ምን ይመስላል። ሦስተኛ፣ እኛስ። ሦስቱን እኩል አልነካቸውም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ግን መጀመሪያ ከቤታችን ልነሳ። ከቅሬ።

ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው አለ? የለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። እስላም ክርስቲያኑ የሚቀባበርበት ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ስምህ ይጠራል፣ አቤት ትላለህ፣ ምልክት ይደረግልሃል። እኔ ያደግሁበት ሰፈር፣ ወደ ኩታበር መውጫ፣ ሰማንያ የሚሆን አባወራና እማወራ ያለበት ቅሬ አለን። ከዓመታት በፊት የቅሬው ዳኛ አርጅተው "በቃኝ፣ ሌላ ሰው ምረጡ" አሉ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠራ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው አልሞላም። ሦስተኛው ላይ "የቀረ ሃምሳ ብር" ተባለ። ያኔ ሃምሳ ብር ብር ነበር። ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። እናቴን አሟት ስለነበር በሷ ቦታ እኔ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የአጨዳ ሰሞን። ግማሹ ሰው ማጭዱን እንደያዘ ነው የመጣው። ጸሐፊው ስም ጠራ። አቤት። አቤት። አቤት። ከዚያ "ጠቁሙ" ተባለ። ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው አንድ ስም ጠራ። ሁለተኛ ስም ሳይጠራ ከኋላ "ይሁን! ይሁን!" አሉ። እጅ አውጡ። ሁሉም እጅ ወጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሰውየውን በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ይኼን ያዙልኝ። ነጋዴ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐይቅ። በሳምንት አንድ ሌሊት ቤቱ ቢያድር ነው። በእኛ ደንብ ደግሞ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ዳኛው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ አንዲት እናት ሞቱ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ድንኳኑ እቃ ቤት ነው፣ ቁልፉ ባቲ ነው። ለቀስተኛው ላስቲክ ደርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። የሟቿ ልጅ እቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጓጉንቸሩን ስትነካካው እስካሁን ይታየኛል። ዝም ብላ ታነሳዋለች፣ መልሳ ትለቀዋለች። ታነሳዋለች፣ ትለቀዋለች። ኋላ በመጥረቢያ ተሰብሮ ድንኳኑ ወጣ። ግን ሰው በስብሶ፣ መሽቶ ነው።

ምርጫው ግን ሙሉ ነበር! አንድ ሰው አልቀረም። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ግን "ይኼ ሰው ሌሊት የት ነው የሚያድረው?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ቅጣቱ ሰዉን አደረሰ። እዚያ ደርሶ የሚዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። የውጭ አገሮቹን ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ቤልጅየም ግዴታውን ያወጣችው በ1893 ነው። ከቆዩት አንዷ ናት። በሰፊው የሚጠቀሰው ግን የአውስትራሊያ ነው። በ1922 ምርጫ ላይ ከመቶው መራጭ ስድሳው እንኳ አልወጣም። በ1924 ሕጉ ወጣ። በ1925 ምርጫ ከመቶ 91 በላይ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ! ቅጣቱ ደግሞ አስፈሪ አይደለም። ዛሬ ለፌዴራል ምርጫ 20 የአውስትራሊያ ዶላር ነው፣ በቂ ምክንያት ያቀረበ ደግሞ አይከፍልም። ምርጫው ቅዳሜ ነው፣ በፖስታ መላክ ይቻላል፣ ሆስፒታል ለተኛና ሩቅ ላለ ሰው ተንቀሳቃሽ ጣቢያ ይሄድለታል። ይኼን አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

ተቃራኒውም ታይቷል። ሆላንድ በ1970 ግዴታውን አነሳች። ከዚያ በፊት በ1967 ከመቶ 95 ይወጣ ነበር፣ በ1971 ወደ 79 ወረደ። ቺሊ በ2012 ግዴታውን ትታ ነበር። በ2020 "አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ በፈቃድ ነበርና ከመራጩ ግማሹ ገደማ ብቻ ወጣ። ከወጣው ውስጥ ከመቶ 78 "ይጻፍ" አለ። ተጻፈ። በ2022 ረቂቁ ለሕዝብ ሲቀርብ ድምፅ መስጠት ግዴታ ሆነ። ከመቶ 86 ገደማ ወጣ። ከመቶ 62 "አንፈልገውም" አለ። ጥያቄው ሌላ ነው፣ ጊዜውም ሌላ ነው፣ ልዩነቱን ሁሉ ግዴታው አመጣው አልልም። ግን አስቡት። መጀመሪያ ቤቱ የቀረው ያ ሁሉ ሰው ሐሳብ የሌለው ሰው ነበር?

እንግዲህ ሕጉ ሰው ያመጣል ወይ? ያመጣል። ክርክር የለኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ዋናው ይኼ ነው።

ጥሩ ምርጫ ምንድን ነው? ብዙ ሰው "የተማረ ሰው የሚመርጠው" ይላል። እኔ ሲቪክስ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ተማሪዎቼም እንደዚህ ይመልሱልኝ ነበር። "ያልተማረ ሰው ባይመርጥ ይሻላል መምህር" የሚሉኝም ነበሩ። አልቀበለውም። ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማችን አይደል? ስሙን አስቡት። አይጠየፍ። ድሀ ሀብታም ሳይል የሚያስተናግድ ማለት ነው። ኮሮጆም አይጠየፍ ነው። የሚጠየፍ ኮሮጆ፣ ኮሮጆ አይባልም።

ለእኔ ጥሩ ምርጫ ማለት የሰውየው ድምፅ ከሰውየው ፍላጎት ጋር ሲገጥም ነው። የምትፈልገውን ታውቃለህ፣ ከቀረቡት ውስጥ ለፍላጎትህ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ለይተሃል፣ እሱ ላይ ምልክት አድርገሃል። በቃ። ዲፕሎማ አያስፈልገውም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ታናሽ እህቴ ምጥ የያዛት ሌሊት በቃሬዛ ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ዝግ ነው። ዘበኛ ብቻ አለ። አዋላጇ የለችም። እህቴ ግቢው ውስጥ፣ ግራር ሥር፣ እናቴ ነጠላዋን አንጥፋላት ወለደች። ልጁ በአላህ ፈቃድ ተርፎ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሲደርስ ቀስቃሾች በየቤቱ ይዞሩ ነበር። እናቴ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበራት። ቡና እያፈላች፣ ቀና ሳትል፣ "ጤና ጣቢያው ሌሊት አዋላጅ ታድርበታለች?" ትላለች። አንዱ ስለ መንገድ አወራት። አንዱ ስለ አገር አንድነት አወራት። አንዱ ግን "እማማ፣ እሱን አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ" አላት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ምን ያህል አዋላጅ እንዳለ፣ ለምን ሌሊት እንደማያድሩ ነገራት፤ ማደሪያ ክፍል የላቸውም። እኛ ብንመረጥ ክፍሉን እንሠራለን አላት። እናቴ በምርጫው ቀን የሱን ምልክት ፈልጋ አውራ ጣቷን አሳረፈች ብዬ እገምታለሁ። ጠይቄያት አላውቅም፣ ሚስጥሯ ነው። ግን ያ ምርጫ ነው! ፊደል የማታውቅ ሴት፣ የምትፈልገውን አውቃ፣ አመሳክራ፣ መረጠች።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ተሰለፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። ወረቀቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። የመጀመሪያውን አስቤበት ነው የሄድኩት። ሁለተኛው ላይ ያሉትን ስሞች አንዳቸውንም አላውቅም። ሰልፉ ከኋላዬ ረጅም ነው። ከላይ ያሉት ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ያንን ድምፅ ሳስታውሰው ዛሬም ይከብደኛል። ያ ድምፅ የእናቴን ያህል አይመዝንም። ቆጣሪው ግን እኩል ቆጥሮታል።

አሁን ሕግ ወጥቶ፣ ሁለቱንም ወረቀት ልክ እኔ ሁለተኛውን እንደሞላሁት የሚሞላ ሰው በሺህ ቢመጣስ?

ቤልጅየም ውስጥ በ1995 ምርጫ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ በ2009 የታተመ። መራጮች "ግዴታ ባይሆን ትመጡ ነበር?" ተብለው ተጠየቁ። "አንመጣም" ያሉት ሰዎች ስለ ፖለቲካ ያላቸው ፍላጎትም እውቀትም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የመረጡት ፓርቲ ራሳቸው ከሚያምኑበት ነገር ጋር ያለው ግጥሚያ ከሌሎቹ የላላ ነበር። ልብ በሉ፣ "የመረጡት ፓርቲ መጥፎ ነበር" አላለም ጥናቱ። ለራሳቸው ፍላጎት የሚሆነውን አልመረጡም ነው ያለው። ከአንገት በላይ የተሰጠ ድምፅ ማለት ይኼ ነው። የሚጎዳው መጀመሪያ ባለቤቱን ነው።

እዚያ ከኋላ ወንድሜ እጁን አንስቷል። አየሁህ። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ጠያቂ አንተ ነህ፣ ትንሽ ታገሰኝ።

"ግን መምህር፣ የማያውቁት ዝም ብለው ቢመርጡ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ስለሚል ይጣፋል፣ የሚያውቁት ድምፅ ነው የሚቀረው" የሚል ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው። ኮንዶርሴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1785 በሒሳብ አስልቶታል። እያንዳንዱ ሰው ትክክሉን የመገመት ዕድሉ ከግማሽ ትንሽ ከበለጠ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ውሳኔው ይጠራል። ከግማሽ ካነሰ ደግሞ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ይበላሻል። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ የወረኢሉን መንገድ ጠይቁ። አሥር የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ መቶ የማያውቁ አሉ። መቶዎቹ ግማሽ በግማሽ ቢሉ አሥሮቹ ያደርሷችኋል። መቶዎቹ ሁሉ ግን ወደ አንዲት ትልቅ ታፔላ ካዩና ወደዚያ ከጠቆሙስ? አሥሮቹን ማን ይሰማቸዋል?

ይኼ በምርጫም ሆኗል። አውስትራሊያኖች "የአህያ ድምፅ" የሚሉት ነገር አላቸው። እዚያ መራጩ ዕጩዎቹን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ደንታ የሌለው ሰው ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ተራ ቁጥር ጽፎ ይወጣል። ድሮ ወረቀቱ በፊደል ተራ ነበር የሚዘጋጀው። በ1937 ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ የሌበር ፓርቲ ለሴኔት፣ ማለት ለላይኛው ምክር ቤት፣ አራት ዕጩ አቀረበ። አራቱም ስማቸው በ"ኤ" ፊደል የሚጀምር ነበር። አራቱም አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተቀየረ፣ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ የታችኛው ምክር ቤት ዕጩዎችም ቅደም ተከተል በዕጣ ሆኗል። ልብ በሉ፣ ሕዝቡን አልሰደቡትም። ወረቀቱን አስተካከሉ።

ብራዚልም ውስጥ ፊደል ለቆጠረ ሰው ግዴታ ነው፣ ከ18 እስከ 70 ዓመት። በ1959 ሳኦ ፓውሎ ላይ ሕዝቡ በዕጩዎቹ ተማርሮ ለአንዲት አውራሪስ ድምፅ ሰጠ። የአራዊት ግቢ አውራሪስ ናት። መቶ ሺህ ገደማ ድምፅ! ብዙዎች እንደ ድንቁርና ያወሩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። መቅረት የተከለከለ ሰው "ከነዚህ አንዱንም አልፈልግም" የሚልበት ሌላ ቦታ አጥቶ ነው። እኛ ቤት መቅረት ራሱ መልስ ነው። እዚያ ያ መልስ ተወስዶበታል።

እሺ፣ "ከተገደደ ይማራል" የሚሉስ? ሰው መምረጡ ካልቀረ መጠየቅ ይጀምራል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ያነባል የሚል ሐሳብ ነው። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ በ2007 ምርጫ ወቅት ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። ለአንደኛው ቡድን "ገንዘቡን የምታገኙት ድምፅ ከሰጣችሁ ብቻ ነው" ተባለ። ለሌላው አልተባለም። ከምርጫው በኋላ ማን ስለ ፖለቲካ የበለጠ አወቀ? ይኼ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ቅሬአችን ላይ ሃምሳ ብሩ አንድ ጥያቄ እንኳ እንዳላስጠየቀን ሁሉ ማለት ነው።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ጎን ልናገር፣ ካልተናገርኩ ውሸት ይሆናል። በፈቃድ ሲሆን ማን ነው የሚቀረው? በብዙ አገር ድሀው ይቀራል፣ ወጣቱ ይቀራል፣ የቀን ሠራተኛው ይቀራል። ስለዚህ የሚመርጡት በደንብ ቢያውቁ እንኳ የሚያውቁት የራሳቸውን ችግር ነው። አውስትራሊያ ላይ በ2013 የወጣ ጥናት፣ ግዴታው ሲመጣ የሠራተኛው ፓርቲ የሌበር ድምፅ ከ7 እስከ 10 በመቶ ነጥብ ጨመረ ይላል። ያ ማለት ድሮ የሚጎድለው የሠራተኛው ድምፅ ነበር። ኦስትሪያ ላይ ደግሞ በተቃራኒው፣ ግዴታው ተሳትፎውን 10 ነጥብ ገደማ ከፍ አደረገ፣ የመንግሥት ወጪ ግን ወዴትም አልተለወጠም። ሰው መጣ፣ ፖሊሲው ባለበት ቆመ። አንድ መልስ የለውም፣ እንደየአገሩ ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ለዚህ ነው ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ ያልኳችሁ።

ብራዚል ድምፅ መስጠትን ግዴታ አድርጋለች ብያለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እስከ 1985 ድረስ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ከዚያ ተፈቀደለት። ግን ወረቀቱ እንዴት ያለ ነው? የዕጩውን ስም ወይም ቁጥር ራስህ በእጅህ መጻፍ አለብህ። በጣም ብዙ ድምፅ ዋጋ አልባ እየሆነ ይጣል ነበር። የማን ድምፅ ነው የሚጣለው? የእናቴ ዓይነት ሰው ድምፅ ነው። ሰልፍ ቆማ፣ ፀሐይ መትቷት፣ ገብታ፣ ሞክራ፣ ድምፅዋ ይጣላል። ከ1996 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ማሽን አመጡ። ቁጥሩን እንደ ስልክ ትነካለህ፣ የዕጩው ፎቶ ይመጣል፣ እሱ ከሆነ አረንጓዴውን ትጫናለህ። በቃ። አዲስ ቅጣት የለም። አዲስ ግዴታ የለም። ዋጋ አልባው ድምፅ ከመቶ ከ10 በላይ ቀነሰ። ከዚያስ? በ2015 የታተመ ጥናት ተከታትሎታል። መንግሥት ለጤና የሚያወጣው ገንዘብ ጨመረ። ብዙም ያልተማሩ እናቶች የእርግዝና ክትትላቸው ጨመረ፣ ኪሎው ያነሰ ሆኖ የሚወለድ ልጃቸው ቀነሰ።

ይኼን ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት አስቀምጬ ነው ቁጭ ያልኩት። ግራሩ ታየኝ። የእናቴ ነጠላ ታየኝ። እነዚያ ሴቶች ድሮም ያውቁ ነበር። የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር! ድምፃቸውን የሚያጣምመው ወረቀቱ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ። እኛስ?

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ላይ መምረጥ መብት ነው ይላል። መራጩ ፈቃዱን በነጻነት የሚገልጽበት ይሁን ይላል። ግዴታ አይልም። እኔም ግዴታ ይሁን ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ በግልጽ ልናገር።

አንደኛ ምክንያቴ ትዝታ ነው። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ጸጉራችሁ የሸበተ ታስታውሳላችሁ። በደርግ ጊዜ ከስብሰባ ቀርቶ በሰላም ማደር ነበር? አባቴ የስብሰባ ነገር ሲነሳ እስከ ዕለተ ሞቱ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ሲቀርብ ከመራጩ ከመቶ 96 ወጣ፣ ከመቶ 81 ደገፈ ተባለ። ያን ያህል ሰው የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ መርምሮ ነው የወጣው? ሰው በኛ አገር ወደ መንግሥት ጉዳይ ተገዶ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስበው "ምን ቢሰሙኝ ይወዳሉ?" የሚለውን ነው። አውስትራሊያዊው ሃያ ዶላሩን ሲያስብ ሃያ ዶላር ብቻ ነው የሚያስበው። የእኛ ሰው ከሃያ ብሩ ጀርባ ሌላ ነገር ያያል። ማዳበሪያውን ያያል። የልጁን ሥራ ያያል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ባለበት አገር ግዴታ ሲጨመርበት ድምፁ የባለቤቱ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ የአውስትራሊያን ቅጣት ብቻ መቅዳት ቀላል ነው። ቅዳሜውን፣ ፖስታውን፣ ሆስፒታል ድረስ የሚሄደውን ጣቢያ መቅዳት ግን ገንዘብም ሐሳብም ይፈልጋል። እኛ ጋ ወረባቦ ቆላ ላይ ያለች እናት፣ ልጅ አዝላ፣ ስንት ሰዓት ሄዳ ነው ጣቢያ የምትደርሰው? እሷን ቀርተሻል ብሎ መቅጣት ፍርድ ነው? መጀመሪያ መንገዷን አሳጥሩላት። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ቀድማ እንድታውቀው አድርጉላት። ሰላም አግኝታ እንድትወጣ አድርጉላት። ከ2013 ወዲህ በዚህ ምድር ያለፈውን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰላም ባጣ ቀዬ ስለ ድምፅ ጥራት ማውራት ይከብዳል።

እሺ፣ የቅሬውን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ልወርድ አልችልም። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነጋዴው ራሱ "ልቀቁኝ፣ እኔም አፍሬአለሁ" አለ። ሰው "ቅጣቱ መቶ ይሁን" ሲል አንዲት እናት ተነሱ። እንዲህ አሉ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "ልጆቼ፣ ቅጣቱን ለቀብር አቆዩት። ለሹመት ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት ስም ይምጣ።" ሦስት ስም ቀድሞ ተጠቆመ። ሁለት ሳምንት ተሰጠ። በየቤቱ ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ የሚወራው እሱ ሆነ። ማን ቤቱ ያድራል? ማን ሒሳብ ይይዛል? ማን ሰው ያስታርቃል? በስብሰባው ቀን የመጣው ሃምሳ ሰው ቢሆን ነው፣ ሠላሳው ቀርቷል። ግን ስብሰባው ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ። ተጨቃጨቁ። አንዱ ዕጩ ተነስቶ "እኔ ሌሊት ቤቴ ነኝ፣ ግን ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፣ ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ" አለ። እሱን መረጡት።

ሁለተኛው ቁልፍ እናቴ ጋ ነው ያለው። ከቡና ረከቦቱ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የእኔ ይኼው ነው። አመሰግናለሁ። አሁን ከኋላ እጅህን ያነሳኸው ወንድሜ፣ ታገስከኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማይኩን አቀብሉት። እህ፣ ምን ነበር ጥያቄህ?